ከአካፋ ወደ ወፍጮ፦ ጭሱን ማን ተሸከመው?

መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ሻማ ፍለጋ እንራወጣለን። ሲበራ ግን ከየት እንደመጣ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እስቲ ዛሬ ወደ እንግሊዝ ሀገር እንሻገርና የኤሌክትሪክን ታሪክ በጓሮ በር፣ በምድጃው በኩል እንየው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በ1882 የኤዲሰን ሰዎች ለንደን ውስጥ፣ ሆልበርን ቪያደክት በተባለ ስፍራ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከፈቱ። የድንጋይ ከሰል ይነዳል፣ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፣ ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቻርልስ ፓርሰንስ በ1884 የሠራው ተርባይን ቀስ በቀስ የሞተሩን ቦታ ወሰደ፤ ምድጃው ግን አልቀረም። ምድጃ ካለ ደግሞ ከሰል የሚጨምርበት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ይህን የሚሠራው ሰው ነበር። በአካፋ! እሳት አንዳጁ የምድጃውን በር ከፍቶ ከሰሉን ስስ አድርጎ ይበትናል፤ የተጋገረውን አመድ በረጅም ብረት ቆስቁሶ ያወጣል። ሥራው ጉልበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንዴ ብዙ ከሰል የከመረ እሳቱን ያፍነውና ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ በሩን ከፍቶ የቆየ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር አስገብቶ ሙቀቱን ያባክናል። ከሰል ማንደጃ ላይ ጀበና ጥዶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ቦይለሮቹ እየገዘፉ ሲሄዱ የሰው ክንድ አልችል አለ። ያኔ ተንቀሳቃሽ ፍርግርግ ተስፋፋ፦ ከብረት ሰንሰለት የተሠራ፣ ቀስ እያለ የሚጓዝ የምድጃ ወለል ነው። በአንድ ጫፍ ከሰሉን ይቀበላል፣ እያነደደ ይሄዳል፣ በሌላው ጫፍ አመዱን ይደፋል።

ቀጥሎ የመጣው ወፍጮ ነው። በ1918 አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ የነበረው የኦናይዳ ስትሪት ማመንጫ ከሰሉን እንደ ዱቄት ፈጭቶ ማንደድ ሞከረ። ጉማጁ ከሰል የሚነደው ከላዩ ነው፤ ሲፈጭ ግን አየር የሚያገኘው ገጽ እጅግ ይበዛል። ዱቄቱ በሞቀ አየር ተነፍቶ ይገባና እንደተንሳፈፈ በሰከንዶች ውስጥ ይነዳል። ዛሬም ትልልቆቹ የከሰል ማመንጫዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሰል ፍርግርግ ላይ ሲነድ አብዛኛው አመድ እዚያው ይቀራል። ዱቄቱ ሲነድ ግን አብዛኛው አመድ ብናኝ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል። የእሳት አንዳጁ ወገብ አረፈ፤ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ሳንባ ዞረ። በኤሌክትሪክ ኃይል ብናኙን ከጭሱ የሚለቅም መሣሪያ ተሠርቶ ብዙ ረድቷል፤ ድኙን ግን አያስቀርም።

በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 1952 ለንደን ለአምስት ቀናት በጭስና በጭጋግ ታፈነች። በጊዜው 4,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገመተ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12,000 ከፍ አድርገውታል። ዋናው ጥፋተኛ የየቤቱ ምድጃ ቢሆንም፣ ማመንጫዎቹም ድርሻ ነበራቸው። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ማመንጫዎቹስ? ጭስ ማውጫቸውን አስረዘሙ! ለአካባቢው ሰው እፎይታ ነበር። ድኙ ግን በነፋስ ተጭኖ ባሕር ተሻገረና፣ ከሌሎች አገሮች ጭስ ጋር፣ በስዊድንና በኖርዌይ ሐይቆች ላይ የአሲድ ዝናብ ሆኖ ወረደ። ዓሣው አለቀ። ድኙን ከጭሱ አጥቦ የሚያስቀር መሣሪያ በብዙዎቹ የእንግሊዝ ትልልቅ ማመንጫዎች የተተከለው ዘግይቶ ነው።

የመጨረሻው የብሪታንያ የከሰል ማመንጫ፣ ራትክሊፍ ኦን ሶር፣ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ተዘጋ። ከሆልበርን እስከ ራትክሊፍ 142 ዓመት መሆኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛ የያዝነው አንድ ነገር ነው። «አዲሱ ዘዴ ሸክም አቀለለ» ሲሉን ደስ ይበለን፤ ግን ከማን ላይ ወርዶ ማን ላይ እንደተጫነ እንጠይቅ። እሳት አንዳጁ ቢያንስ ሸክሙን ያውቀው ነበር። የለንደኑ ሕፃንና የኖርዌዩ ዓሣ አጥማጅ ግን ማንም አላማከራቸውም።

ቸር እንሰንብት!