የሦስት ዓመት ገደብ፤ የደካን ገበሬዎችና የአራጣ ሰነድ

አበዳሪ ገንዘቡን ለማስመለስ ሳይከስ በሕግ የተወሰነው ዘመን ካለፈበት፣ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፤ ተበዳሪውም ከቆየ ዕዳ ሥጋት ያርፋል። የይርጋ ሕግ ዓላማ ይኸው ነው። ይሁንና ሕጉ የሚሠራው ኃይላቸው በተበላለጠ ሰዎች መካከል በመሆኑ፣ ለደካማው የተሰጠው ጋሻ በብርቱው እጅ ጦር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በምዕራብ ሕንድ፣ በደካን ገበሬዎች ላይ የደረሰው ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው።

በደካን የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት የመሬት ግብር የሚሰበስበው ከእያንዳንዱ ገበሬ በቀጥታ፣ ያውም በጥሬ ገንዘብ ነበር። ዝናብ ቢቀር፣ የእህል ዋጋ ቢወድቅ ግብሩ አይቀርም። ስለዚህ ገበሬው ዘር ለመግዛት፣ የሞተበትን በሬ ለመተካት፣ ከሁሉም በላይ ግብሩን ለመክፈል ሳሁካር ከሚባለው አራጣ አበዳሪ ደጅ ይጠና ነበር። ዳምዱፓት የተባለው ጥንታዊ የአገሩ ደንብ ወለድ ከዋናው ገንዘብ እንዳይበልጥ ይከለክል ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. ግን መንግሥት በወለድ መጠን ላይ የነበረውን የሕግ ገደብ አነሣ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1859 እ.ኤ.አ.፣ የይርጋ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት በተለመደው የብድር ሰነድ ክስ ማቅረብ የሚቻለው በሦስት ዓመት ውስጥ ብቻ ሆነ። የታሰበው ወለድ ለረዥም ዘመን እንዳይከመር ነበር። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ሳሁካሩ ሦስቱ ዓመት ሊሞላ ሲል ተበዳሪውን ጠርቶ ዋናውንና ወለዱን ይደምርና ድምሩን እንደ አዲስ ብድር ያስፈርመዋል። ማንበብ የማይችለውም ገበሬ ያላየውን ገንዘብ ተቀበልኩ ብሎ ምልክቱን ያኖራል፤ እምቢ ቢል ክስ ይጠብቀዋል፣ ለከርሞም ዘር የሚያበድረው አያገኝም።

የዚህ አሠራር ጉዳት በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ሰው 100 ሩፒ በወር በመቶ ሁለት ወለድ ተበደረ ቢባል፣ በሦስተኛው ዓመት አዲሱ ሰነድ 172 ሩፒ ይሆናል፤ በስድስተኛው 295 ሩፒ ያልፋል፤ በዘጠነኛው ከ508 ሩፒ ይበልጣል። በጥንቱ ደንብ ቢሆን ጠቅላላ ዕዳው ከ200 ሩፒ ባላለፈ ነበር።

በ1861 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የሕንድ ጥጥ ተፈላጊ ሆነ፤ ብድርም እንደ ልብ ተገኘ። ጦርነቱ በ1865 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ የጥጥ ገበያው ቀዘቀዘ፤ አበዳሪዎችም እጃቸውን ሰበሰቡ። በዚያው ሰሞን የመሬት ግብሩ እንደገና ተተምኖ ከ50 እስከ 100 በመቶ ጨመረ። ብድር በደረቀበት ወቅት የቀድሞው ሰነድ ብቻ እየወለደ ቀጠለ።

ግንቦት 12 ቀን 1875 እ.ኤ.አ. በፑና አውራጃ በሱፓ የገበያ መንደር ገበሬዎች በአበዳሪዎች ላይ ተነሡ። የእህል መደብሮች ተዘረፉ፤ አንዳንድ ቤቶችም ተቃጠሉ። የገበሬዎቹ ዋነኛ ዒላማ ግን የሒሳብ መዝገቡና የብድር ሰነዱ ነበር። ሰነዱ በሰላም በተሰጣቸው ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጥፋት ሳያደርሱ ይመለሱ ነበር። አመፁ እስከ አሕመድናጋር ተዛምቶ በወታደር ኃይል ታፈነ።

የአጣሪው ኮሚሲዮን ሪፖርት በ1878 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ፓርላማ ቀረበ። ከተመረመሩት ጉዳዮች በአንዱ 100 ሩፒ የተበደረ ሰው ከ2,000 ሩፒ በላይ ወለድ ተቆጥሮበት ተገኝቷል። ኮሚሲዮኑ ጥፋቱን በአበዳሪዎች ላይ አሳርፎ የግብሩን ጭማሪ ከተጠያቂነት አዳነ፤ ይህም ድምዳሜ የቅኝ ገዥውን መንግሥት የሚመች ነበር።

በ1879 እ.ኤ.አ. የወጣው የደካን ገበሬዎች መርጃ ሕግ ግን ቁም ነገር ነበረው። የይርጋውን ዘመን በማሳጠር ፈንታ አራዘመው፦ በደንቡ ለተመዘገበ ሰነድ 12 ዓመት፣ ለሌላው 6 ዓመት አደረገ። በየሦስት ዓመቱ የማስፈረሙ ምክንያት በዚህ ተወገደ። ዳኛውም በሰነዱ ላይ በተጻፈው ድምር ሳይወሰን የብድሩን ታሪክ ከመጀመሪያው እንዲመረምር፣ ዋናውን ከወለዱ ለይቶ እንዲቆጥር ታዘዘ። ገበሬን በገንዘብ ዕዳ ማሰርም ቀረ። አበዳሪዎች ግን መውጫ አላጡም፤ ብድሩን የመሬት ሽያጭ አስመስለው መጻፍ ያዙ።

ጥያቄው የደካን ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1845 የአሥር ዓመት ይርጋ ደንግጓል፤ በቁጥር 1851 ደግሞ ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ይርጋው እንደሚቋረጥ፣ በሚቀጥለውም ቁጥር አዲስ ዘመን መቆጠር እንደሚጀምር ይገልጻል። ዕዳውን በነፃ ፈቃዱ ለሚያምን ሰው ይህ ፍትሐዊ ደንብ ነው። የደካን ታሪክ የሚያሳስበው እምነቱ በችግር ተገዶ በተገኘ ጊዜ ነው። ሰነዱ መቼ ተፈረመ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የሥራውን ግማሽ ሠርቷል፤ በሰነዱ ከተጻፈው ገንዘብ ምን ያህሉ በእርግጥ ከተበዳሪው እጅ ገብቷል የሚለው ሌላው ግማሽ ነው።