ፌንጣው በጉንዳኖቹ ደጅ

የኤዞፕን የፌንጣና የጉንዳን ተረት ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ፌንጣው በጋውን ሲዘፍን ከርሞ ብርዱ ሲመጣ ምግብ ይለምናል፤ ጉንዳኖቹ ግን አላግጠውበት ባዶውን ይሰዱታል።

በ1934 እ.ኤ.አ. የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ተረቱን በዊልፍሬድ ጃክሰን አዘጋጅነት የስምንት ደቂቃ ያህል የካርቱን ፊልም አድርጎ ሲሠራው መጨረሻውን ለወጠው። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ስለ ነበር፣ የተራበ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም ነበር።

በፊልሙ ፌንጣው በብርድ ሰማያዊ መስሎ ደጃቸው ላይ ይወድቃል። ጉንዳኖቹም አስገብተው ያሞቁታል። ንግሥቲቱ ግን በዚህ የሚቀመጠው የሚሠራ ብቻ እንደ ሆነ ትነግረዋለች። ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ሲል ቫዮሊኑን አንሥቶ እንዲጫወት ታዘዋለች። የስንፍናው ምልክት የነበረው ቫዮሊን ሥራው ሆነ። ዓለምን ባለ ዕዳው ያደርግ የነበረው ዘፈኑም ተገልብጦ ባለ ዕዳው ራሱ ሆነ።

ልብ በሉ፤ ምሕረቱ ሥራን አልሻረም። አስቀድመው አሞቁት፤ ቀጥሎ ድርሻውን ሰጡት። እናንተም በመካከላችሁ ሰነፍ የምትሉት ካለ፣ ከመውቀሳችሁ በፊት በእጁ ምን እንደ ያዘ እዩ።