ባለበት የሚዞር

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የአዲስ አበባውን በረራ ስንጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን አቀበለኝ። ፎቶው ላይ ባለ አራት ማዕዘን የመጻሕፍት መደርደሪያ በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ገፋ ሲያደርጉት ባለበት ይዞራል።

«ጋሼ፣ ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?»

«ተሽከርካሪ መደርደሪያ» ብዬ ሳልጨርስ ሳቀብኝ። «መኪና ላይ የተጫነ ነው?»

እውነቱን ነው፤ «ተሽከርካሪ»ን መኪና ከወሰደው ቆየ። «ተዘዋዋሪ»ም አይሻልም፦ ተዘዋዋሪ ችሎት ከከተማ ከተማ፣ ተዘዋዋሪ ፈንድ ከእጅ እጅ ይሄዳል። ሁለቱም ቃላት መዞሩን ትተው ጉዞ ጀምረዋል። «መደርደሪያ» ግን አያስቸግርም፤ ደረደረ ማለት በረድፍ አኖረ ነው። በገናም ይደረደራል።

ቃሉን ያጣነው ዕቃውን ስላልፈለግነው ይመስለኛል። በቻይና የመጀመሪያውን በ6ኛው መቶ ዓመት ፉ ሺ የተባለ ሰው እንደሠራው ይነገራል፤ ማንበብ የማይችል ምእመን አንዴ ካዞረው ቅዱሳት መጻሕፍቱን ሁሉ እንዳነበበ ይቆጠርለት ነበር። ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ራሜሊ በ1588 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥዕል ደግሞ ለአንባቢ የታሰበ ነው፦ ከባድ መጻሕፍትን እንደተገለጡ የሚያዞር ትልቅ መንኰራኩር፣ እንዳይወድቁም ባለጥርስ ማርሽ የሚያስተካክላቸው። ከዚህ ዓይነቱ የተረፈው ጥቂት ነው፤ አንዱ ጀርመን ቮልፈንቢውተል፣ ሌላው ሜክሲኮ ፑዌብላ ይገኛል። በፎቶው ያለው ትንሹ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ አሜሪካዊው ጆን ዳነር ኦሃዮ ውስጥ እየሠራ ይሸጠው የነበረው ዓይነት ነው።

እኛ ዘንድ መጽሐፍ አይዞርም፤ ያድራል። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ማኅደር ይባላል፣ ከግዕዙ «ኀደረ»። አማርኛ «ኀ»ን ጥሎ «አደረ» አለው፤ ስለዚህ ማኅደርና ማደሪያ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ «እንደምን አደሩ»ም ዘመዳቸው። ማኅደሩ በጠፍሩ ከኩላብ ይንጠለጠላል። ቃሉ ኋላ ቢሮ ገብቶ የሠራተኛ ፋይል ሆነ፤ እዚያ ካደረ በኋላ መገኘቱን እንጃ። አውሮፕላኑስ ቢሆን በአማርኛ መች ይቆማል? ያርፋል።

በረራው ሲጠራ ትዝ አለኝ፦ እንዝርት! እንዝርት የትም አይሄድም፤ ባለበት ይሾራል።

«ሿሪ መደርደሪያ በለው» አልኩት።

«ሿሪ?» አለ ሻንጣውን እያነሳ። «ሿሿ እንዳይመስል፣ ጋሼ!»