የጅሬን ቤተ መንግሥትና ከኮረብታው በታች የነበረው ገበያ

ለቡና ጅማ ስመላለስ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ሁልጊዜ ግን ቸኩዬ ነው የምመለሰው። ባለፈው መኪናው እስኪጭን ግማሽ ቀን ስለተረፈኝ ወደ ጅሬን ወጣሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ዋናው ቤት ፎቅ ያለው የእንጨት ሥራ ሲሆን፣ ዙሪያውን በረንዳ አለው። በግቢው ውስጥ ሌሎች ቤቶችና መስጊድ አሉ። ከበረንዳው ቆሞ ወደ ታች ለሚያይ ሰው ሜዳው በሙሉ ይታያል። ንጉሡ ለምን እዚህ እንደሠሩት ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከታች የነበረው ገበያ ነው።

ያ ገበያ ሂርማታ ይባላል። የዛሬዋ የጅማ ከተማ ያደገችው በእሱ ዙሪያ ነው። ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነበር። ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስና በቀንድ የተሞላ ዝባድ ከዚህ ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል። ሲራራ ነጋዴዎች ግማሾቹ በጎጃም በኩል ወደ ምጽዋ፣ ግማሾቹ በሸዋ በኩል ወደ ሐረርና ዘይላ ያቀኑ ነበር። በመንግሥቱ ድንበር ኬላ ነበር፤ ነጋዴውንና ቀረጡን የሚቆጣጠር ነጋድራስም ነበር። ሞያሌ ላይ ሰነድ ይዘን የምንሰለፍ ሰዎች ነገሩ አዲስ አይሆንብንም።

አባ ጅፋር ሁለተኛ በ1878 እ.ኤ.አ. ገና በወጣትነታቸው ነገሡ፤ በ1932 እስኪሞቱም ከ50 ዓመት በላይ ቆዩ። የምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብ ሲገፋ አልተዋጉም። እናታቸው ንግሥት ጉሚቲ እንደመከሯቸው ይነገራል። በየዓመቱ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቀሩ። ስለዚህ ገበያው አልተቃጠለም፣ ቤተ መንግሥቱም አልፈረሰም። ጎረቤት ከፋ ግን ተዋግቶ በ1897 ወደቀ። የጅማ ጦርም ከምኒልክ ሠራዊት ጋር አብሮ ዘምቶበታል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ «ብልህ ንጉሥ፣ ሰላም ለንግድ» ብለን ደስ ይለናል። እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን በኮሜርስ ስማር መጀመሪያ የተነገረን፣ መዝገብ ሁለት ዓምድ እንዳለው ነው። በሂርማታ ከሚሸጠው አንዱ ሰው ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ፣ በዘመቻና በአፈሳ የተያዙ ሰዎች ወደ ጅማ ይነዱ ነበር። በንጉሡ ግቢና እርሻ የሚሠሩትም ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። ባርነትን በሕግ ፈጽሞ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ለእኔ ደግሞ በጣም ቅርብ ነው። የእናቴ አያት አገሯ የት እንደሆነ ስትጠየቅ «ከጅማ ገበያ ነው የመጣሁት» ብላ ዝም ትል ነበር አሉ። ልጆች ሆነን እንደኛ ነጋዴ የነበረች ይመስለን ነበር። ምን ማለቷ እንደነበረ የገባኝ እኔ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

ያን ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ ያሰብኩት እሷን ነው። ከታች ወደ ላይ ስታይ ይህ ቤት ታይቷት ይሆን? ጣውላው ያምራል፣ ሥራው የጥበበኛ እጅ ነው፣ ተጠብቆ መቆየቱም ተገቢ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የንጉሡን ዕቃዎችም ከተማው ሙዚየም ውስጥ አሳዩአቸው። ከዚያ በረንዳው ላይ አቁማችሁ ወደ ታች እንዲያዩ አድርጉ፤ በዚያ ሜዳ ቡና ብቻ እንዳልተሸጠ ንገሯቸው። ወጪውን ያልጻፈ ነጋዴ ትርፉን አያውቅም።

ስመለስ መኪናው ሞልቶ እየጠበቀኝ ነበር። ጆንያዎቹን እንደ ልማዴ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ያን ቀን ግን ቆጠራው ከብዶኝ ነበር።