መታወቂያ የሌለው አቶም እና የሸንኮራው ቤተሰብ

ሰሜን ሸዋ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የአንኮበር ቤተ መንግሥት፣ የደብረ ብርሃን ብርድና ብርድ ልብስ ነው። እስኪ ዛሬ ከዚያው ከሰሜን ሸዋ፣ ከሸንኮራ ተነስቶ ሃይድሮጂን ድረስ የሚዘልቅ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ላውጋችሁ።

መጀመሪያ የሃይድሮጂንን ጣጣ እንረዳ። የአንድ ቁስ ገጽ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ኤክስሬይ ያበሩበትና የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች ጉልበት ይለካሉ። ዘዴውን ያዳበሩት ስዊድናዊው ካይ ሲግባን እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል ተሸልመዋል። ካርቦኑም ብረቱም ማንነቱ የሚታወቀው በውስጠኞቹ ኤሌክትሮኖች ነው። ሃይድሮጂን ግን ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው፤ እሱንም ከጎረቤቱ ጋር ለመተሳሰር አውሎታል። በቃ፣ መታወቂያ የለውም።

ታዲያ ለምን ይፈለጋል? ብረት ውስጥ ሰርጎ ሲገባ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ፊውል ሴል ውስጥ ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጭስ የሌለው ኤሌክትሪክ ይሰጣል።

አንዱ መላ ጎረቤቱን መጠየቅ ነው። ሃይድሮጂን የተጣበቀበት ኦክስጅን፣ የኤሌክትሮኖቹ ጉልበት ከ1 እስከ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ፈቀቅ ይላል። ሌላው መላ ግጭት ነው። በ1500 ኤሌክትሮን ቮልት የተተኮሰ ኤሌክትሮን ከሃይድሮጂን ተጋጭቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ቢመለስ 3 ያህሉን ያጣል፤ ከባዱን ካርቦን ቢመታ ግን የሚያጣው ከ0.3 በታች ነው። በዚህ ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ፕላስቲክ ላይ ያለውን ሃይድሮጂን ለይተው አዩት።

አሁን ወደ ሸንኮራ። የግዕዙ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው ተኩሰው መቷቸው፤ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ቤተሰቡም ተሰዶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። እሳቸው እዚያ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ከብራና መጻሕፍት ጋር ኖሩ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሰደዱትን፣ ደብረ ብርሃን ላይም የተገደሉትን የደቂቀ እስጢፋኖስን ታሪክ ከራሳቸው ከደቂቀ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ወደ አማርኛ መልሰው ሰጡን። እስከዚያ ብዙዎቻችን የምናውቀው የቤተ መንግሥቱን ወገን ወሬ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ የተወለዱት ልጃቸው፣ ዛሬ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ ሃይድሮጂንን መረጡ። በ2001 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ጠጣር አሲድ ለፊውል ሴል እንደሚሆን አሳዩ። በ2012 ደግሞ እሳቸው ያሉበት ቡድን በሃይድሮጂንና በውኃ ተን የተከበበ የሴሪየም ኦክሳይድን ገጽ፣ ሥራ ላይ እያለ በኤክስሬይና በኤሌክትሮን መረመረ። የለኩት ሃይድሮጂኑን ሳይሆን ጋዙ ሴሪየሙን ምን እንዳደረገው ነበር። ለውጡ ከቁሱ ሆድ ይልቅ ገጹ ላይ እጅግ የበረታ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሁሉ የተሠራው ከሸንኮራም ከአዲስ አበባም ርቆ ነው። በዚያች ጥይት አገር ያጣችውን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ የለም። አባትና ልጅ በሰው አገር ከሠሩት ግን መገመት አያቅትም።