ካርቦን ሞኖክሳይድ በጀልባ ላይ፦ አደጋውና የማንቂያ ደወሉ ቦታ

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ጋዝ ወይም ከሰል ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠር፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣመር ሰውነት ኦክስጅን ያጣል። በጀልባ ላይ ከሞተር፣ ከጄኔሬተርና ከማብሰያ ምድጃ ይወጣል፤ በጉዞም ጊዜ ከጀልባዋ ኋላ የሚሽከረከረው አየር ጭሱን ወደ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል።

ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመመረዝ ምልክቶች ቢሆኑም በባሕር ላይ ማዕበል ያስከተለው ሕመም ይመስላሉ። የተኛ ሰው ግን ምልክቱ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለጀልባ የተሠራ የማንቂያ ደወል በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል፣ የተኛ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ አካባቢ ሊተከል ይገባል። በመስኮት አጠገብ ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ከተቀመጠ ጋዙን ዘግይቶ ይለያል።

ደወሉ ሲጮኽ ሁሉም ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የሕክምና እርዳታም ይጠራ።