ጠገራው በመስኮት፣ አክሱማዊቷ በመሳቢያ

ከልደታ ተነሥቼ ወደ ቸርችል ጎዳና ስወጣ በቅርሳ ቅርስ መደብሮች መስኮት ፊት ቆም ማለት የቆየ ልማዴ ነው። ከመስቀሉና ከአምባሩ ጋር ጠገራ ብር ተደርድሮ ይታያል። ከዓመታት በፊት ግን አንድ ባለመደብር አዛውንት ከመሳቢያቸው የጥፍር ያህል የመዳብ ሳንቲም አውጥተው በመዳፌ ላይ አኖሩልኝ። አክሱማዊት ነበረች፤ አረንጓዴ ዝገቷ ገና አልተጠረገም። «ከየት መጣች?» አልኳቸው። «ከገጠር ነው፣ ዶክተር» አሉኝ። ከየትኛው ገጠር? እሳቸውም አያውቁም። አልገዛኋትም፤ ለሚመለከተው አካልም አላመለከትሁም። ታሪክ አስተምራለሁ የምል ሰው ስሆን፣ ለዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ በቂ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ለመሆኑ «ከገጠር» የምትለው ቃል ይህን ያህል የምታስቆጨው ለምንድን ነው? አክሱም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 7ኛው መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም አሳትማለች። ከነገሥታቷ አንዳንዶቹን የምናውቃቸው በሳንቲማቸው ብቻ ነው። የኢዛና ቀደምት ሳንቲሞች ጨረቃን፣ የኋለኞቹ መስቀልን መያዛቸው ስለ ክርስትና አቀባበላችን ካሉን ማስረጃዎች ዋነኛው ነው። ነገር ግን ሳንቲም ሙሉ ምስክርነቱን የሚሰጠው የተገኘበት ቦታና አብሮት የተገኘው ነገር ሲታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በየመን፣ ከኤደን ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ሺህ በላይ የአክሱምና የሮም የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኙ። አንድ ላይ በመጠናታቸው ስለ ቀይ ባሕር ንግድ ብዙ ነገሩን፤ በየመሳቢያው ተበትነው ቢሆን ኖሮ ወርቅ ብቻ ሆነው በቀሩ ነበር።

ሕግ ጎድሎን አይደለም። በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 229 ስለ ጥንታውያን ቅርሶች ጥበቃ ወጣ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ የወርቅ፣ የብር፣ የነሐስና የመዳብ ሳንቲሞችን ከተንቀሳቃሽ ቅርሶች ቆጠረ፤ ቅርስን ለንግድ ዓላማ መግዛትና መሸጥን ከለከለ፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ አዘዘ፤ ላስረከበም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ደነገገ።

ችግሩ ያለው «ሳንቲም» የሚለው አንድ ቃል በሚሸፍናቸው ነገሮች ልዩነት ላይ ነው። ጠገራ ብር ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ በሚሊዮኖች የታተመ ገንዘብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ ቢያሳትሙም ገበያው ጠገራውን ቶሎ አልተወም፤ አንጥረኛውም አቅልጦ መስቀልና ጌጥ ሠራበት። ይህን ከአያት የተወረሰ ብር እንደ አክሱም ወርቅ መቁጠር ሕግን ያቀላል። ጠገራውን በመስኮት፣ አክሱማዊቷን በመሳቢያ ያኖሩት አዛውንት ልዩነቱን አሳምረው ያውቁታል።

እንግዲህ መንግሥት ለሳንቲም ነጋዴ ፈቃድ ይስጥ ወይስ አይስጥ? ፈቃድ ለዘረፋ ሽፋን ይሆናል የሚሉ ወገኖች ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ማለት ለማንም አይከብድም። ስለዚህ መስመሩ ጥርት ብሎ ይሰመር። ለጠገራ፣ ለምኒልክና ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሳንቲሞች ፈቃድ ይሰጥ፤ ነጋዴውም ከማን፣ መቼና የት እንደገዛ በመዝገብ ይያዝ፤ መዝገቡም ይመርመር። ለአክሱም ሳንቲም ግን ፈቃድ የሚባል ነገር አይኑር።

ክልከላው ብቻውን ግን አይበቃም። እንግሊዞች በ1996 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ሕግ ሙዚየም የሚወስደውን ጥንታዊ ሀብት ላገኘ ሰው ሙሉ የገበያ ዋጋ ሊከፈለው ይችላል፤ ስለዚህ ማሳወቅ ከመደበቅ የተሻለ ጥቅም አለው። በማረሻው ጫፍ ወርቅ ያገኘ የእኛ ገበሬ ግን ከወረዳው ሽልማት ይልቅ እስር የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሳንቲሙ የሚሄደው ወደ ደላላው ነው። ሽልማቱ በቅርቡና በጊዜው ካልተከፈለ፣ የነጋዴው ፈቃድ ወንዙ ካለፈ በኋላ የሚሠራ ግድብ ነው።

ከኢዛና በኋላ በታተሙ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ነገሥታቱ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል በግሪክኛ አስቀርጸው ነበር። ያቺ የመሳቢያ ሳንቲም ዛሬ የት አገር እንዳለች አላውቅም። እኛን ደስ እንዳላሰኘች ግን አውቃለሁ።

ቸር እንሰንብት።